ስለ ፕሮስቴት ዕጢ ሕክምና ታሪክ፤ ከፎገራ ሜዳ እስከ ቤተ መንግሥት

(በሬዲዮ ከተሰጠ ንግግር)



የዛሬው ንግግራችን ርእስ በሰው መካከል ሲነሣ ብዙዎችን አንገት የሚያስደፋ ነው። ዕድሜው የገፋ ወንድ ሌሊት አራት አምስት ጊዜ ከመኝታው የሚነሣበት፣ ከስብሰባ መካከል «ይቅርታ» እያለ ሹልክ የሚልበት፣ ለሠርግ ሲጠራ ከዋዜማው ጀምሮ ውኃ መጠጣት የሚተውበት ምክንያት አለው፤ ምክንያቱን ግን ለባለቤቱም ለሐኪሙም አይገልጥም። ይኸውም በፊኛው አንገት ሥር የሚገኘው ፕሮስቴት የተባለው ዕጢ እየገዘፈ ሄዶ የውኃ ሽንቱን መንገድ ስላጠበበት ነው። ዛሬ የምንተርከው ሰዎች ይህን የጠበበ መንገድ ለመክፈት በብዙ ዘመን ያደረጉትን ጥረት ነው። በትረካችን ውስጥ የውጭ አገሩ ነገር በኤውሮጳ አቈጣጠር፣ የአገራችን ደግሞ «ዓ.ም.» እየተባለ በኢትዮጵያ አቈጣጠር ይነገራል፤ አድማጭ ይህን ልብ እንዲልልን እንለምናለን።

ነገሩን ከፎገራ እንጀምር። ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ የተዘረጋው የፎገራ ሜዳ፣ ርብና ጉማራ የተባሉት ወንዞች ከጉና ተራራ ወገን አፈር ተሸክመው እየወረዱ የሚያለብሱት ጥቁር መሬት ነው። በወተቱና በግዝፈቱ የታወቀው የፎገራ ከብት መሰማሪያው ይህ ሜዳ ሲሆን፣ ከ1970ዎቹ ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የሰሜን ኮርያ ባለሙያዎች ያለማመዱት ሩዝ ብዙውን መሬት ሸፍኖታል። ክረምት በገባ ጊዜ ወንዞቹ ከዳራቸው አልፈው በሜዳው ላይ ይተኛሉ፤ በ1998 ዓ.ም. ክረምት የደረሰው ጎርፍ ብዙ ሕዝብ ከቤቱ ማፈናቀሉ የሚታወስ ነው።

እስኪ በዚህ ሜዳ የሚኖሩ አንድ የ70 ዓመት አባት በሐሳባችን እንመልከት። ወሩ ሐምሌ ነው። ቀን በጎረቤት ተዝካር ላይ ጠላ ሲጠጡ ዋሉ፤ ሽማግሌዎች ከተቀመጡበት መካከል ደጋግሞ መነሣት ነውር መስሎ ስለታያቸው የመጣባቸውን ሽንት ይዘው ቈዩ፤ ማታ ወደ ቤታቸው ሲመለሱ ብርድ መታቸው። ሌሊት ሲነሡ ጠብታ እንኳ አልወርድ አለ። እስኪነጋ ድረስ ፊኛቸው እንደ ከበሮ ተወጥሮ እምብርታቸው ደረሰ፤ ጭንቃቸውም ምጥ የያዛት ሴት ጭንቅ ሆነ። ጠላ፣ ብርድና ሽንትን አፍኖ መቈየት፣ እነዚህ ሦስቱ የጠበበውን መንገድ በአንድ ሌሊት ፈጽመው እንደሚዘጉት ሐኪሞች ያውቃሉ፤ እኚህ አባት ግን ማን ነግሯቸው? ጐረምሶች በቃሬዛ አንሥተው፣ ጭቃውንና የሞላውን ውኃ እያቋረጡ ወረታ ያደርሷቸዋል። ከወረታ ደብረ ታቦር 40 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ባሕር ዳር 60 ያህል፣ ጎንደር 120 ያህል ነው። መኪና ላይ ለተቀመጠ ጤነኛ ሰው ይህ መንገድ አጭር ነው፤ ፊኛው ለተዘጋ ሰው ግን እያንዳንዱ ጕድጓድና እያንዳንዱ መንገጫገጭ ይቈጠራል። እኚህን አባት ለጊዜው በመንገድ ላይ እንተዋቸውና ሕመማቸው ምን እንደ ሆነ፣ ከእርሳቸው በፊት የታመሙትስ እንዴት እንደ ታከሙ እንመልከት።

ፕሮስቴት ወንድ ሁሉ ይዞት የሚወለድ ዕጢ ነው። በጕልማሳነት ዘመን ክብደቱ 20 ግራም ያህል፣ መጠኑም ከትንሽ ሎሚ የማይበልጥ ሲሆን፣ ሥራው ከዘር ጋር የሚቀላቀለውን ፈሳሽ ማመንጨት ነው። የሽንት ቧንቧ ከፊኛ እንደ ወጣ በዚህ ዕጢ መካከል ሰንጥቆ ያልፋል፤ ጣጣው ሁሉ የሚመጣው ከዚህ አቀማመጥ ነው። ዕድሜ 40 ካለፈ በኋላ ዕጢው እንደገና ማደግ ይጀምራል፤ 60 ዓመት ከደረሱት ወንዶች ግማሽ ያህሉ፣ ከ80 ዓመት በላይ ከሆኑት ደግሞ አብዛኞቹ ያደገ ፕሮስቴት አላቸው። ይህ እድገት ካንሰር አይደለም፤ ወደ ካንሰርም አይለወጥም፤ ሁለቱ ግን በአንድ ዕጢ ላይ ጎን ለጎን ሊገኙ ስለሚችሉ መለየቱ የሐኪም ሥራ ነው። ዕጢው ወደ ውጭ ብቻ ቢያድግ ኖሮ ባለቤቱ ሳያውቀው ይኖር ነበር። ወደ ውስጥ ሲያድግ ግን ቧንቧውን ይጨምቃል፤ ፊኛው በኀይል ሲገፋ ይደክማል፤ ሳይወጣ የቀረው ውኃ ይመረዛል፤ በመጨረሻም ወደ ኋላ እየተመለሰ ኩላሊትን ያበላሻል። በጥንት ዘመን ሽማግሌዎችን ይገድል የነበረው ይህ የመጨረሻው ነው።

የጥንት ሰዎች የበሽታውን ምክንያት ሳያውቁ ማስታገሻውን አግኝተውት ነበር። በ79 በእሳተ ገሞራ አመድ ከተቀበረችው የሮማውያን ከተማ ከፖምፔ ፍርስራሽ፣ ሐኪሞች በሽንት ቧንቧ የሚያስገቧቸው የነሐስ ቱቦዎች ተቈፍረው ወጥተዋል። ይህ ካቴተር የሚባለው መሣሪያ ብዙ መቶ ዓመት ሳይለወጥ ኖረ። አሜሪካዊው ቤንጃሚን ፍራንክሊን በ1752 በሽንት ደዌ ለተያዘው ወንድሙ ለጆን የሚተጣጠፍ የብር ቱቦ በአንጥረኛ አሠርቶ እንደ ላከለት ታሪኩ ይናገራል። በአገራችንም በደብተሮች እጅ ሲወራረሱ የኖሩት የመድኃኒት መጻሕፍት ለሽንት መከልከል የሚጠጣ የሥርና የቅጠል መድኃኒት ሲያዝዙ እናገኛቸዋለን። በሽታውን ለይተው ያውቁት እንደ ነበር ከዚህ እንረዳለን።

ነገር ግን አገራችን ብቻዋን ወደ ኋላ የቀረች አድርጎ ማሰብ አይገባም። በ1699 አድያም ሰገድ ኢያሱን ለማከም ጎንደር የገባው ፈረንሳዊ ሐኪም ፖንሴ፣ በሣጥኑ ውስጥ ለእንዲህ ያለ በሽተኛ ከቱቦ የተሻለ ነገር ሊኖረው አይችልም ነበር። በኤውሮጳም አልነበረምና። ዕጢው ማደጉንና ሽንትን የሚዘጋውም እርሱ መሆኑን ሬሳ እየከፈተ በሚገባ የጻፈው የፓዶቫው ሊቅ ሞርጋኒ ሲሆን፣ መጽሐፉ የታተመው በ1761 ነው። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1770 የንጉሡን ጦር ተከትሎ ርብንና ጉማራን እየተሻገረ ፎገራን ሲያቋርጥ፣ ያ መጽሐፍ ገና ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። ብሩስ በጎንደር ቤተ መንግሥት የፈንጣጣ በሽተኞችን በማስታመም ስም ያተረፈ ሰው ነው፤ ሽንቱ የተከለከለ የፎገራ ሽማግሌ አግኝቶ ቢሆን ኖሮ ግን፣ ለንደን ካለው በሽተኛ የተለየ ዕድል አይሰጠውም ነበር።

ልዩነቱ የመጣው ከዚያ ወዲህ ነው። ቱቦ ውኃውን ያወርዳል እንጂ ዕጢውን አይነካም፤ ንጽሕና ባልታወቀበት ዘመንም ከውኃው ጋር መርዝ ያስገባ ነበር። ስለዚህ በ19ኛው መቶ ዓመት ሐኪሞች ዕጢውን ራሱን ለማጥፋት ተነሡ። ኢጣልያዊው ኤንሪኮ ቦቲኒ በ1870ዎቹ በኤሌክትሪክ የጋለ ብረት በቧንቧው አስገብቶ ዕጢውን መተኰስ ጀመረ፤ ነገር ግን የሚተኵሰውን ነገር አያይም፤ በጨለማ ቤት እንጨት እንደሚፈልጥ ሰው በግምት ይሠራ ነበር። ሌሎች ደግሞ ዕጢው የሚያድገው ከቈለጥ በሚመነጨው ኀይል መሆኑን ጠርጥረው፣ በ1890ዎቹ ሽማግሌዎችን እስከ መስለብ ደረሱ። የስለባን ነገር ከጦር ሜዳ ወሬ የሚያውቅ የአገራችን ሰው ይህን ሲሰማ ሳይዘገንነው አይቀርም። ግምታቸው ግን ባዶ አልነበረም፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

የታሪኩ መታጠፊያ የብርሃን ጉዳይ ነው። ማክስ ኒትሰ የተባለው ጀርመናዊ ሐኪም፣ ዮሴፍ ላይተር ከሚባል የቪየና መሣሪያ ሠሪ ጋር ሆኖ፣ በፊኛ ውስጥ የሚያሳይ መሣሪያ በ1879 ለሐኪሞች አቀረበ። ኤዲሰን አምፑሉን ለገበያ ከማውጣቱ በፊት ስለ ነበረ መብራቱ የጋለ የፕላቲን ሽቦ ነው፤ ሰውነትን እንዳያቃጥልም ቀዝቃዛ ውኃ በዙሪያው ይዘዋወርበታል። እንዲህ ያለ አስጨናቂ ዕቃ በሰው አካል ውስጥ ማስገባት የሚያስፈራ ቢሆንም፣ ሐኪም በሕይወት ያለን ሰው ፊኛ ውስጡን በዐይኑ ለማየት ቻለ።

ይሁንና ማየትና መቍረጥ ገና አልተገናኙም ነበር። በመካከሉ ድል ያደረገው ቢላዋ ነው። በ1890ዎቹ ኒውዮርክ ላይ ዩጂን ፉለር፣ ከእርሱም በኋላ በለንደን ፒተር ፍሬየር የሆድን ታች ቀድደው፣ ፊኛን ከፍተው፣ ያደገውን ዕጢ በጣት ፈልቅቀው ማውጣት ጀመሩ። ብርቱካን ከልጣጩ ተፈልቅቆ እንደሚወጣ፣ ያደገው ክፍል ከሽፋኑ ተለይቶ ይወጣል። ፍሬየር አየርላንዳዊ ሲሆን በእንግሊዞች የህንድ ሕክምና አገልግሎት 20 ዓመት ያህል ካገለገለ በኋላ ወደ ለንደን የተመለሰ ሰው ነው፤ የመጀመሪያውን ቀዶ ያደረገው በታኅሣሥ 1900 ነው። «እኔ ቀደምሁ፣ አንተ ቀደምህ» የሚለው የሁለቱ ክርክር ብዙ ቀለም አፍስሷል፤ እኛን አያገባንም። የሚገባን ቍጥሩ ነው፤ ፍሬየር ከሺሕ በላይ ሽማግሌዎችን በዚህ መንገድ አከመ፤ አብዛኞቹም ዳኑ። ከዚያ ቀደም ያለው ዕጣቸው ቱቦና ሞት ነበር።

እግረ መንገዳችንን አንድ ነገር እናንሣ። ፍሬየር ይህን ቀዶ በለንደን ሲጀምር፣ በጎንደር ተወልደው በ1860 ዓ.ም. ከመቅደላ ጦርነት በኋላ በእንግሊዝ መኰንን እጅ ወደ ህንድ የተወሰዱት ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ወደ አገራቸው ብቅ ብለው በአዲስ አበባ በሽተኛ ያክሙ ነበር። እርሳቸውም በህንድ ተምረው በበርማ በእንግሊዞች ሥር ያገለገሉ ሐኪም ናቸው። ያ የሕክምና ዕውቀት በእኚህ ጎንደሬ በኩል አገራችንን አንኳኵቷል። ይሁንና አንድ ሐኪም አገር አያዳርስም። በጎንደርና በበጌምድር የነበረ በሽተኛ ዘመናዊ ሕክምና በቅርቡ ለማግኘት ሚሲዮናውያን በደብረ ታቦር ሥራ እስከ ጀመሩበት ዘመን ድረስ መጠበቅ ነበረበት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስን። ሆድን ሳይቀድዱ፣ ተፈጥሮ ራሷ በከፈተችው መንገድ ገብቶ ዕጢውን መቍረጥ ይቻላልን? በ1909 አሜሪካዊው ሂዩ ያንግ በቧንቧው የሚገባ፣ ጫፉ ላይ ቀዳዳ ያለበት፣ በውስጡም ስለት ያለበት መሣሪያ ሠራ። ካከማቸው ሰዎች አንዱ «ዳይመንድ ጂም» እየተባለ የሚጠራው ባለጠጋ ብሬዲ ነበር፤ ይኸው ሰው ከሕመሙ በመገላገሉ ደስ ብሎት ለባልቲሞሩ ሆስፒታል የሽንት በሽታዎች ተቋም ማሠሪያ ገንዘብ ሰጠ፤ ተቋሙም ዛሬ ድረስ በስሙ ይጠራል። የያንግ መሣሪያ ጕድለቱ ደም አለማቆሙ ነው። በ1926 ማክሲሚሊያን ስተርን፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላም ጆሴፍ ማካርቲ ማየትን፣ መቍረጥንና ደም ማቆምን በአንድ ቱቦ ውስጥ አገናኟቸው። በቱቦው ጫፍ ላይ እንደ ቀለበት የታጠፈ ቀጭን ሽቦ አለ፤ ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት ሥጋውን ይልጠዋል፤ የደሙንም ሥር ይተኵሰዋል። ውኃ እየፈሰሰ የተላጠውን ያጥባል፤ ሐኪሙ በመነጽሩ እያየ ከውስጥ ወደ ውጭ እየላገ መንገዱን ያሰፋል። አናጢ የበርን መቃን በመላጊያ ሲያሰፋ ያየ ሰው ነገሩ ይገባዋል። በሆድ ላይ አንዳች ጠባሳ አይቀርም። ይህ ሥራ ከ90 ዓመት በላይ ቢሆነውም እስከ ዛሬ ድረስ ሐኪሞች አዲሱን ሁሉ የሚመዝኑበት ሚዛን ሆኖ ቀርቷል።

ስለ ታላላቆቹ ሰዎች ደግሞ እንናገር፤ ይህ ደዌ በማዕርግ አያዳላምና። በጥቅምት 1963 የእንግሊዝ ጠቅላይ ሚኒስትር ሃሮልድ ማክሚላን ሌሊት በድንገት ሽንታቸው ተከልክሎ ሆስፒታል ገቡ። ሥልጣናቸውንም በዚያው ሰሞን ለቀቁ። ዕጢው ግን ካንሰር አልነበረም፤ ማክሚላን ከቀዶው በኋላ 23 ዓመት ኖረው በ92 ዓመታቸው ዐረፉ። የተቀበሉት ሕክምና ሕይወታቸውን አስረዘመ፤ የሕመሙ ፍርሃት ግን ሹመታቸውን አሳጠረ። በተከታዩ ዓመት፣ በሚያዝያ 1964፣ የፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ዤኔራል ደጎል በፓሪስ ኮሸን ሆስፒታል በዚሁ ዕጢ ምክንያት ቀዶ ሕክምና ተደረገላቸው። ሕዝቡ የሰማው ነገሩ ካለቀ በኋላ ነው። ደጎል ግን ሥራቸውን አልተዉም፤ በ1965 እንደገና ተመረጡ፤ በነሐሴ 1958 ዓ.ም. አዲስ አበባ መጥተው በንጉሠ ነገሥቱ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሲስተናገዱ የአዲስ አበባ ሕዝብ አይቷቸዋል። አንድ ፕሮስቴቱ የተቀደደለት የ75 ዓመት ሰው ምን ያህል መንገድ መሄድ እንደሚችል ማስረጃው ይህ ነበር።

ልክ በዘጠኝ ዓመቱ፣ በዚያው በነሐሴ ወር፣ የዚያ ግብዣ ባለቤት የነበሩት ንጉሠ ነገሥት ስም ከዚሁ ዕጢ ጋር ተያይዞ ተነሣ። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከዙፋናቸው የወረዱት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በእስር ላይ ሳሉ የፕሮስቴት ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸው ነበር። ነሐሴ 21 ቀን 1967 ዓ.ም. በ83 ዓመታቸው ሞቱ። በማግስቱ በሬዲዮ የተነገረው የመንግሥት መግለጫ፣ አንድ አገልጋይ በአልጋቸው ላይ ሞተው እንዳገኛቸው፣ የሞታቸውም ምክንያት ከሁለት ወር በፊት ከተደረገላቸው የፕሮስቴት ቀዶ ጋር የተያያዘ ሳይሆን እንደማይቀር የሚገልጽ ነበር። ሐኪማቸው የነበሩት፣ በኤዲንብራ ተምረው የቀዶ ሕክምናን በአገራችን ካቋቋሙት አንዱ የሆኑት ፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ ግን፣ ከቀዶው የመጣ ችግር አልነበረም ሲሉ የመንግሥቱን ቃል አልተቀበሉም። ደርግ ከወደቀ በኋላ በ1984 ዓ.ም. ዐፅማቸው ከቤተ መንግሥቱ ግቢ ተቈፍሮ ወጣ፤ በ1987 ዓ.ም. በተከፈተው የፍርድ ጉዳይ ዓቃቤ ሕግ ንጉሠ ነገሥቱ በአልጋቸው ላይ ታፍነው ተገደሉ ብሎ ክሱን አቀረበ፤ ጥቅምት 26 ቀን 1993 ዓ.ም. ደግሞ በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል በክብር ተቀበሩ።

በዚህ ነገር ላይ የሕክምና ታሪክ የራሱን ቃል ሊሰጥ ይችላል። ከፕሮስቴት ቀዶ በኋላ የሚያስፈራው ጊዜ የመጀመሪያዎቹ ቀናትና ሳምንታት ናቸው፤ ደም ይፈሳል፣ መርዝ ይገባል፣ የረጋ ደም ወደ ሳንባ ይሄዳል። ሁለት ወር በሰላም ካለፈ በኋላ በድንገት በዚያ ምክንያት መሞት ሐኪሞች እምብዛም የማይጠብቁት ነው። ታዲያ መግለጫው ለምን ይህን ምክንያት መረጠ? በእኛ ግምት የሚታመን ሆኖ ስለ ተገኘ ነው። ከሰማው ሕዝብ መካከል ብዙው ስለዚህ ዕጢ የሚያውቀው በሹክሹክታ ብቻ ነበር፤ በሹክሹክታ የሚታወቅ በሽታ ደግሞ የፈለጉትን ያህል ገዳይ ሊያደርጉት ይቻላል። አንድ ሽማግሌ «ፕሮስቴት ነው» ከተባለ ወዲያ ጥያቄ አይከተልም። የሚያሳፍር በሽታ ጥያቄን ይዘጋል፤ ያን ጊዜም ዘጋ።

ንጉሠ ነገሥቱ በሞቱበት ሰሞን፣ ሳይቀድዱ የማከም አዲስ መንገድ በሌላ ስፍራ ይከፈት ነበር። በኢየሩሳሌም ማርኮ ኬይን የተባለ ሐኪም በፊኛ አንገትና በዕጢው ውስጥ ያለውን ጡንቻ የሚያላላ መድኃኒት በ1970ዎቹ ለበሽተኞች ሰጥቶ ሽንት ሲቀልላቸው አየ፤ ዛሬ በየመድኃኒት ቤቱ የሚገኙት የዚህ ወገን ክኒኖች ከዚያ የመጡ ናቸው። ሁለተኛው ወገን መድኃኒት የተገኘበት መንገድ ደግሞ ከሁሉ ይልቅ ያስደንቃል። በካሪቢያን ባሕር ባለችው በዶሚኒካን ሪፑብሊክ፣ ከዋና መንገድ በራቀች መንደር፣ ሲወለዱ ሴት መስለው ሲጎለምሱ ወንድ የሚሆኑ ልጆች ይገኙ ነበር። ሐኪሞች መርምረው በ1974 እንደ ጻፉት፣ እነዚህ ሰዎች የወንድነትን ሆርሞን ወደ ኀይለኛው ዓይነት የሚለውጥ አንድ ነገር ከፍጥረታቸው ይጐድላቸዋል፤ ፕሮስቴታቸውም እስከ ዕድሜያቸው ማብቂያ ትንሽ እንደ ሆነ ይቀራል። ያንኑ ነገር በክኒን ማገድ ቢቻል ዕጢው አያድግም ማለት ነው። ክኒኑ በ1992 በአሜሪካ ተፈቀደ። ያለ መስለብ፣ ያለ ቢላዋ፣ የእነዚያ የ1890ዎቹ ሐኪሞች ግምት እውነት ሆኖ ተገኘ።

ከዚያ ወዲህ የወጡት መሣሪያዎች ብዙ ናቸው፤ ሁሉንም መዘርዘር ያሰለቻል። በ1990ዎቹ የኒውዚላንዱ ፒተር ጊሊንግ በሌዘር ጨረር ዕጢውን ከሽፋኑ እየለየ በቧንቧው በኩል ማውጣትን አስተማረ፤ ይህም የፍሬየር ጣት የሠራውን ሥራ ሆድ ሳይቀደድ መሥራት ማለት ነው። በ2013 ዕጢውን ሳይቈርጡ በትናንሽ ክሮች ወደ ጎንና ጎን ስቦ ማሰር፣ መጋረጃ በገመድ ሸብ እንደሚደረግ ማለት ነው፤ በ2015 የውኃ እንፋሎት በመርፌ ወደ ዕጢው ረጭቶ ቀስ በቀስ እንዲሟሽሽ ማድረግ፤ በ2017 በማሽን በሚመራ የውኃ ፍላጻ መቍረጥ፤ እነዚህ ሦስቱ ተራ በተራ በአሜሪካ ተፈቀዱ። የብራዚል ሐኪሞች ደግሞ ከ2008 ጀምሮ ወደ ሽንት ቧንቧ ጭራሽ ሳይገቡ፣ በጭን ሥር በኩል በራጅ እየተመሩ ገብተው፣ ዕጢውን የሚመግበውን የደም ሥር በአሸዋ በመሰሉ ቅንጣቶች ዘግተው ዕጢው እንዲሰልል አድርገዋል። ከእነዚህ አንዳንዶቹ በሽተኛው ሙሉ ማደንዘዣ ሳይወስድ ተደርገውለት በዕለቱ ወደ ቤቱ የሚመለስባቸው ናቸው፤ የዘር ፈሳሽ ወደ ፊኛ መመለስ የተባለውን የቀዶ መዘዝም ያቃልላሉ።

ነገር ግን ሻጩ እንደሚያወራው ሁሉ አይደለም። ክሩና እንፋሎቱ የሚሰጡት እፎይታ በሽቦው ከሚገኘው ያነሰ ነው፤ ከጥቂት ዓመት በኋላም ሌላ ሕክምና የሚያስፈልገው ሰው ይበዛል። ከሁሉም በላይ ክሩና እንፋሎቱ የተሠሩት መካከለኛ ዕጢ ይዞ ቀድሞ ለመጣ ሰው ነው። ዕጢው ከ100 ግራም በላይ ሆኖ፣ ፊኛው ደክሞ፣ ድንጋይ አጠራቅሞ ለመጣ ሽማግሌ አይሆኑም። ስለዚህ ትንሹን ቍስል የሚያስገኘው መሣሪያው ብቻ አይደለም፤ የበሽተኛው ቶሎ መምጣትም ነው። የፎገራው አባት ሌሊት ሦስት ጊዜ መነሣት በጀመሩበት ዓመት መጥተው ቢሆን ኖሮ ምናልባት ክኒን ይበቃቸው ነበር። ዐሥር ዓመት ዝም ብለው በቃሬዛ ሲመጡ ግን ታሪኩ ወደ ፍሬየር ዘመን ይመልሳቸዋል።

አሁን ወደ እርሳቸው እንመለስ። ለእኚህ አባት መንገድ ያሳጠረው ብዙ ነው። በ1947 ዓ.ም. የጎንደር ጤና ኮሌጅ ተከፍቶ ጤና መኰንኖችንና ነርሶችን ወደየገጠሩ ማሰማራት ጀመረ፤ በ1957 ዓ.ም. የአዲስ አበባው የሕክምና ፋኩልቲ ተመሠረተ፤ በ1971 ዓ.ም. በጎንደር፣ ከጀርመን የላይፕሲግ ዩኒቨርሲቲ በተገኘ ርዳታ፣ ሐኪም የሚያሠለጥን ኮሌጅ ተቋቋመ። ከወረታ ወደ ደብረ ታቦር አልፎ እስከ ወልድያ የሚሄደው መንገድ በቻይናውያን ርዳታ ተሠራ። ባሕር ዳርም ከፈለገ ሕይወት ሌላ የዩኒቨርሲቲውን ጥበበ ግዮን ሆስፒታል አግኝታለች። በሽቦው የሚደረገው ሕክምና በአዲስ አበባ የሚገኝ ሲሆን፣ በብዙ የአገራችን ሆስፒታሎች ግን የቀዶ ሐኪሙ እጅ ላይ ያለው መንገድ አሁንም ሆድንና ፊኛን ከፍቶ ዕጢውን በጣት መፈልቀቅ ነው። ይህን በንቀት የሚመለከት ሰው ይሳሳታል። መሣሪያው ውድ ነው፤ ሽቦው ያልቃል፤ የሚያጥበው ውኃ ልዩ ሆኖ መዘጋጀት አለበት፤ ጥገናው ባለሙያ ይፈልጋል። ትልቅ ዕጢ ይዞ ዘግይቶ ለመጣ ሰው ደግሞ የፍሬየር ቀዶ በሠለጠነ እጅ ሲደረግ ዛሬም የሚያድን ሥራ ነው።

በዚያ ሌሊት ግን ቀዶ አያስፈልግም። ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስፈልገው ውኃውን ማውረድ ነው፤ ለዚህም አንድ ነርስ፣ ንጹሕ ጓንትና ፍሬደሪክ ፎሊ የተባለው አሜሪካዊ በ1930ዎቹ የሠራው፣ ጫፉ ላይ በውኃ የሚነፋ ኳስ ያለበት የጎማ ቱቦ ይበቃሉ። ቱቦው ገብቶ ውኃው ወደ ከረጢቱ መውረድ ሲጀምር የሽማግሌው ፊት እንዴት እንደሚበራ፣ በሆስፒታል ደጅ ያደረ ሰው ሁሉ አይቶታል። ከዚያ በኋላ ምርመራ ይደረጋል፤ የቀዶ ተራም ይያዛል። ተራው እስኪደርስ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ያልፋሉ። እኚህም አባት ቱቦውን እንደያዙ ወደ ፎገራ ይመለሳሉ፤ ከረጢቱን ከጭናቸው ጋር በጨርቅ አስረው፣ ጋቢያቸውን ከላይ ደርበው፣ ሩዙ ሲያብብ በማሳው ዳር ይቀመጣሉ፤ ጎረቤት ሲጠይቃቸውም «ብርድ መትቶኝ ነው» ይላሉ።